ከከዘራው ሥር የተቀመጠችው ጣሳ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

አስቸኳይ መግለጫ። በሐይቅ ከተማ በታች ሰፈር ቅሬ፣ ማለትም በቀብርና ሐዘን ዕድራችን፣ ለታቀፋችሁ ስልሳ አንድ ቤቶች፣ ለከብቶቻችሁ፣ ለውሾቻችሁ፣ እንዲሁም በሐይቁ ውስጥ ለምትኖሩ ቆሮሶ ዓሦች በሙሉ፦ ከዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ጀምሮ ቅሬያችን ዳኛ የሌለው መሆኑን በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን። አዲስ ዳኛ እስኪመረጥ ድረስ ማንም ሰው እንዳይሞት በጥብቅ እናሳስባለን። ይህን ተላልፎ የሞተ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል።

አባ ሙዘይን ሞቱ።

ዋርካው ሥር ተቀምጠው የፍየል ክርክር እየሰሙ ነበር። የአንዷ ጎረቤት ፍየል የሌላዋን ጎመን በልታለች። «እንግዲህ ፍየሏ…» አሉና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዝም አሉ። እያሰቡ ነው ብለን ጠበቅን። ሲያስቡ እንደሚቆዩ የታወቀ ነው። ነገሩ የገባን ብዙ ቆይቶ ነው። ፍየሏ ጥፋተኛ ትሁን አትሁን እንግዲህ የሚነግረን የለም።

ከዐስር ሰላት በኋላ ቀበርናቸው። ማን ይቆፍር፣ ማን ከፈን ይግዛ፣ ቃሬዛውን ማን ያውጣ የሚለውን ሁሉ ያዘዘው አጎቴ አያ ባድሩ ነው። የእናቴ ወንድም፣ የዳኛው ምክትል። ያዘዘው ስል ድምፅ አውጥቶ አይደለም። አንድ ሰው አጠገብ ሄዶ ይቆማል፣ ሰውዬው ራሱ ይገባውና አካፋ ያነሳል።

የልጅ ልጃቸው ኑርሀያት ከዘራቸውን አምጥታ የቅሬው ዕቃ ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀለችው። «አባባ ሃያ ሁለት ዓመት የዋለው እዚህ ነው፣ ቤት ወስጄ ምን አደርገዋለሁ?» አለች።

ይህ ደብተር ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ለባዮሎጂ የተገዛ ነው። ሦስት ገጽ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ አለበት፣ ከዚያ ባዶ ነው። ትምህርቱንም እዚያው ላይ ነው የተውኩት። ዛሬ ለምን እንዳወጣሁት እንጃ። ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ነው፣ ለማን ልቀልድ?


ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ድንኳኑ ገና አልተነቀለም። እማ እያለቀሰች ታበስላለች፣ እያበሰለች ታለቅሳለች። «አንተ ዕንባ የለህም ወይ?» አለችኝ። «አልቆብኝ ነው፣ ከጎረቤት አመጣለሁ» አልኳት። በማማሰያ መታችኝ።


ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ስብሰባ ነበር። ጸሐፊያችን አቶ ፋሲካ መነጽራቸውን በክር አስረው መዝገቡን ገለጡ። በኛ ቅሬ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ስም አንድ መዝገብ ላይ ነው፤ የሚለየው መቃብሩ ብቻ ነው።

«አንቀጽ አሥራ አንድ» አሉ። «ዳኛው በሥራ ላይ እያለ በሞት ቢለይ፣ ቅሬው በአርባ ቀን ውስጥ ተሰብስቦ በባቄላ ይመርጣል።»

«ለምን በባቄላ?» አለ ሰላሀዲን። ሪያድ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ የመጣ፣ ሁለት ባጃጅ ያለው ሰው ነው። «እጅ አውጥተን አንጨርስም?»

«እጅ ስታወጣ ያልመረጥከው ሰው ያይሃል። ነገ መቃብር የሚቆፍርልህ ደግሞ እሱ ነው» አሉ አቶ ፋሲካ። ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ ባቄላ ወደደ።

ለአንድ ቤት አንድ ባቄላ ነው። የኛን ቤት ባቄላ የምጥለው እኔ ነኝ። አባቴ ከሞተ ስምንት ዓመቱ፤ እማ ጉልበቷን ስለሚያማት «የኔ እጅ አንተ ነህ» ትላለች። ያላት እጅ ይህ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ሰላሀዲን ራሱን ጠቆመ። «ዘመናዊ ቅሬ እናደርገዋለን» አለ። ከዚያ አቶ ፋሲካ «እኔ ባድሩን» አሉ። አያ ባድሩ መሬት መሬት እያየ «ኸረ ሌላ ሰው አይጠፋም» አለ። «ካንተ ሌላ ጠፋ» አሉት። «እንግዲያ መርሐባ፣ እሽ» አለ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

ከስብሰባው ሲወጣ በቀጥታ ወደኛ ቤት መጥቶ ለእማ ኮቱን ሰጣት። እንድታጥብለት።


ጥቅምት 17፣ እሑድ

ጎሕ ሲቀድ ከአያ ባድሩ ጋር ሐይቁ ላይ ነበርን። ከዐረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ እሱ መረብ ይጥላል፣ እኔ እቀዝፋለሁ፣ አፌም ይቀዝፋል። ዛሬ ጀርባውን ሰጥቶኝ መረቡን እያጠራ ሳለ በድንገት፣

«ያ ጀማዓ! እኔ ብዙ መናገር አልችልም…» አለ።

«እሱስ እውነት ነው» አልኩት።

መረቡን ሳበ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ጮክ ብዬ ነው እንዴ የተናገርኩት?»

«ቆሮሶዎቹ አጨብጭበዋል።»

«አንተ ልጅ!» ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ከዚያ፣ «ሃያ ዓመት ከኋላቸው ሄድኩ፣ ኢምራን። ከኋላ ሆነህ ስታየው ቀላል ይመስልሃል። አሁን ፊት ውጣ ሲሉኝ…» አልጨረሰውም።

«ትፈልገዋለህ ግን?»

«ማን? እኔ? አስተግፊሩላህ!»

መረቡን ግን ሁለቴ አንድ ቦታ ላይ ጣለው።

ዓሣ አልያዝንም። ሰውዬው ዳኝነቷን ይፈልጋታል። ወላሂ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንድም ነገር እፈልጋለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም።


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ሰላሀዲን ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ባጃጁ ላይ አሰረው። «ዘመናዊ ቅሬ! ዝናብ የማያስገባ ድንኳን!» እያለ ሰፈሩን ይዞራል። ማጉያው ድምፅ ይቀርጻል። እሱ ለምሳ ሲገባ የሚያስፈልገኝ አንድ ፍየልና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ከዙሁር በኋላ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ «ወገኖቼ» ሊል ቁልፉን ቢጫነው «ሜ-ኤ-ኤ-ኤ» አለ። አገር ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ደግሞ ራሱ ሰላሀዲን ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም።

አንዱ ሽማግሌ «አባ ሙዘይን ቢኖሩ ዛሬ አንተን…» ብሎ ጀምሮ ተወው።

አዎ ይቀጡኝ ነበር። የቅሬውን ሰታቴ አሳጥበውኛል፣ የድንኳን እንጨት አሸክመውኛል። የከፋው ግን ከጎናቸው ዋርካው ሥር ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ዝም እንድል ሲፈርዱብኝ ነበር። በየመሐሉ በዓይናቸው ጠርዝ ያዩኛል። «ሊያመልጥህ ነው?» ይላሉ። «ሊያመልጠኝ ነው» እላለሁ። «ዋጠው» ይላሉ።

ዛሬ ማንም አልቀጣኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።


ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ኑርሀያት ከጉድጓዱ ውኃ ስትቀዳ አገኘኋት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ምላሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ቆይቷል።

«አንተ ቀልደኛ፣ ከስተሃል።»

«ለምርጫ ነው። ዳኛ ለመሆን እየተዘጋጀሁ ነው።»

«አንተ ፍየሏንም አትዳኝ። ሰው ሲስቅ ታያለህ እንጂ ማን እንዳልሳቀ አታይም።» ገመዱን ሰጠችኝ፣ ሳብኩላት። «አባባ ስላንተ ሲያወራ ‹ልጄ› ነበር የሚልህ። ታውቃለህ?»

«እኔን? የቀጡኝ ቢደመር ለሌላ ሰው የዓመታት እስር ይሆን ነበር።»

አልሳቀችም። እኔም ጀሪካኗን ተሸከምኩና ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ለማንም ሳልናገር በጅቡቲ በኩል ወጣሁ። የተሳፈርንባት ጀልባ ሰመጠች ተብሎ እዚህ ተደወለ። የሰመጠችው ከፊታችን የነበረችው ናት፤ የሞተ ሰው ግን ስሙን ለማስተካከል አይደውልም። ቅሬው ተሰበሰበ፣ የድንኳን እንጨት ወጣ፣ እማ መሬት ላይ ነበረች። አባ ሙዘይን ከዘራቸውን ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ ላይ ሰኩና «ሬሳ ሳላይ ድንኳን አልተክልም። ይህ ልጅ ቀላጅ ነው፣ ይችም ቀልዱ ትሆናለች» አሉ። ዘመድ ተቆጣ፣ ጨካኝ አላቸው። አራት ወር ማንም እንዳያለቅስብኝ ከለከሉ። በአራተኛው ወር ከሳዑዲዋ ጂዛን ደወልኩ።

ተይዤ ስመለስ ከአውቶቡሱ ስወርድ ቆመው አገኘኋቸው። «ዘገየህ። የቆየ ቅጣት አለብህ» አሉኝ።

ስለ ምርጫው ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ስለ ምርጫው የሚጻፍ የለም።


ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ምርጫው ነገ ነው። አቶ ፋሲካ «አንተ ትንሽ ትጽፋለህ፣ ከምትበጠብጥ ሥራ ያዝ» ብለው የምርጫውን ጣሳ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ማንበብ ለማይችል ሰው ምልክት ሣልኩ፦ ለአያ ባድሩ ዓሣ፣ ለሰላሀዲን ባጃጅ። ኑርሀያት መጥታ አየችና «ይሄ ዓሣ ጎማ አለው» አለች። ክንፉ ነው እኮ።

እማ፦ «ባቄላችንን ለወንድሜ። ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ።


ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ከሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ምናልባት በኋላ የሚጠይቀኝ ይኖራል።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የወተት ጣሳ። በስተግራ ዓሣ፣ በስተቀኝ ባጃጅ። ሦስተኛ ጣሳ ነበረች፣ ባቄላው የመጣባት። አቶ ፋሲካ ባቄላውን ኪሳቸው ውስጥ ገለበጡና «ይችን ከዚህ አንሳት» አሉኝ። አነሳኋት። ያነሱት ነገር ደግሞ የሆነ ቦታ ይቀመጣል። መሬቱ አቧራ ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሁለቱ መሐል ቦታ ነበር፣ እዚያ አስቀመጥኳት። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ የአባ ሙዘይን ከዘራ አለ። ከዘራውን እኔ አልሰቀልኩትም።

አቶ ፋሲካ «ሠራተኛ ቅድሚያ ይምረጥና ይገላገል» ብለው የመጀመሪያዋን ባቄላ ለኔ ሰጡኝ። ገባሁ፣ ወጣሁ። ከኔ ቀጥሎ አያ ባድሩ ገባ፣ የታጠበ ኮቱን ለብሶ። በጣም ቆየ። ሰው «እየሰገደ ነው እንዴ?» እስኪል ድረስ። ከዚያ ሌላው ሁሉ በተራ። እትዬ ዋሲላ ብቻ ታመው አልመጡም። ስልሳ ቤት መረጠ።

ቆጠራው በሰው ፊት ነው። ዓሣ፦ ዐሥራ ሦስት። ባጃጅ፦ ዐሥራ አራት።

«ሌላውስ? ባቄላ በላችሁበት?» አለ አንዱ።

አቶ ፋሲካ መጋረጃውን ገለጡ፣ መሐለኛዋን ጣሳ አዩ፣ ወደ ከዘራው ቀና አሉ፣ ከዚያ ጣሳዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ሠላሳ ሦስት።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ «አሸነፉ» አለ።

«ማን ነው ይህን ያስቀመጠ?» ተባለ። ለምን ጣልክባት የተባለው ሁሉ «እኔ ባቄላ አየሁባት፣ የተፈቀደ መስሎኝ ነው» ይላል።

«ከሕያዋን አንደኛ እኔ ነኝ!» አለ ሰላሀዲን።

አቶ ፋሲካ አንቀጹን አነበቡ። «‹ብዙ ባቄላ ያገኘ ዳኛ ይሆናል› ነው የሚለው። ‹በሕይወት ያለ› አይልም።»

«ታዲያ የሞተ ሰው እንዴት ይዳኛል?»

«በሕይወት እያሉስ መቼ ብዙ ተናገሩ?» አለ ያው ሽማግሌ። ሰው ሳቀ፣ ሳቁም መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ምርጫው ፈረሰ። አርባው ቀን ቢያልፍም ለኅዳር 22 ተቀጠረ።

አያ ባድሩን ፈለግኩት። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አጥፎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ብቻውን።

ዐሥራ ሦስት። አንዲት ባቄላ ቢጨመርለት እኩል ይሆኑ ነበር። ሒሳብ ድሮም አልወድም።

ለሳቅ ነው። ሰውም ሳቀ እኮ።


ኅዳር 9፣ ሰኞ

አያ ባድሩ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለአቶ ፋሲካ መለሰ። ወደ ሐይቁም አልወጣንም። መረቡ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል።


ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

እማ ሽንኩርት እየከተፈች፦ «እጁ ይድረቅ።»

«የማን?»

«ያንን ጣሳ ያስቀመጠው። ወንድሜን ከሬሳ አወዳድሮ ያዋረደው።»

እጄን አየሁት። ደህና ነው። ሳሙና ብቻ ያስፈልገዋል።

ሰፈር ውስጥ ጣሳዋን ያስቀመጣት ሰላሀዲን ነው ይባላል፣ ባድሩን ለማሳፈር። ሴቶቹ ባጃጁ ላይ አንሳፈርም ብለዋል። ገበያ በእግራቸው ሄዱ፣ ከነሸክማቸው።


ኅዳር 11፣ ረቡዕ

አያ ባድሩ ውጫሌ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው። ለጥየቃ አይደለም፣ ሊኖር ነው። «እዚያ ሐይቅ የለም» አልኩት። «ዕረፍት አለ» አለኝ። መረቡን ላንተ ትቼልሃለሁ ብሏል። እሑድ ይሄዳል።

እነግረዋለሁ። ነገ እነግረዋለሁ።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ

አልነገርኩትም። ዝናብ መጣ። ትንሽ ዝናብ ነው፣ ግን ዝናብ ነው።


ኅዳር 13፣ ዓርብ

እትዬ ዋሲላ ጧት አረፉ። መግለጫዬን ተላልፈው።

ዳኛ የለም፣ ምክትልም የለም። ሰላሀዲን «ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል እንዴ?» ብሎ በድምፅ ማጉያው ቆፋሪዎችን ወደ መቃብሩ ላይኛ ጥግ ጠራ፣ መሬቱ ለስላሳ ነው ብሎ። ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ ይህን ሳይሰሙ በጧት ወርደው ታችኛው ጥግ ላይ መቆፈር ጀምረዋል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሌላ ጊዜ አያ ባድሩ አጠገባቸው ይቆም ነበር፣ ዛሬ ራሳቸው ተነሡ።

ከጁምዓ በኋላ ቃሬዛውን ተሸክመን ስንደርስ ለአንድ እናት ሁለት መቃብር ተቆፍሮ ጠበቀን። አርባ እርምጃ ይራራቃሉ። ፊት ግራ በኩል የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

«ወደ ላይ!» አሉ የሰላሀዲን ሰዎች።

«ወደ ታች!» አሉ እነዚያ።

ቃሬዛው አንዴ ወደ ላይ ሦስት እርምጃ፣ አንዴ ወደ ታች ሦስት እርምጃ። «ላባችንን ያፈሰስነው ለማን ነው?» ይላል አንዱ። «ማን ቆፍር አለህ?» ይላል ሌላው። ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ። ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ፣ የእትዬ ዋሲላ ልጅ «እናቴን ልትጥሏት ነው!» ብላ ጮኸች። በሌላ ቀን ቢሆን ለዓመት የሚበቃ ቀልድ ነበር። ግን ይህን ያመጣችው ጣሳዋ ናት። እኔ ነኝ ማለቴ ነው።

ያኔ ከኋላዬ አንድ ትከሻ መጥቶ ከኔ ትከሻ ጎን ቃሬዛው ሥር ገባ። አያ ባድሩ ነው። ጮክ አላለም።

«ባላቸው ታች ነው ያሉት» አለ።

ሌላ አልተናገረም። ቃሬዛው ወደ ታች ሄደ። አንድም ሰው አልተከራከረም። ሰላሀዲን ማጉያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተከተለን።

ከቀብሩ በኋላ የላይኛው መቃብር ቀረ። በኛ አገር የተከፈተ መቃብር ባዶውን አያድርም። አያ ባድሩ አካፋ አነሳ፣ እኔም አነሳሁ። ሌላው ሰው ወደ ሐዘን ቤት ወረደ። ብዙ አፈር ከጨመርን በኋላ፣

«አያ ባድሩ።»

«ምነው?»

«ጣሳዋን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።»

አንድ አካፋ ጨመረ። «አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ካንተ ቀጥሎ የገባሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ዓሣዋ ጣሳ ባዶ፣ ባጃጇ ባዶ። መሐለኛዋ ውስጥ አንዲት ባቄላ።»

አፈሩን አየሁ። አፈር ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። «ለሳቅ ነበር» አልኩ።

«ለሳቅ ያደረገው ሰው ሲወጣ ይስቃል። አንተ ዓይንህን እየጠረግህ ነው የወጣኸው።»

«አቧራ ነው። ዕቃ ቤቱ አቧራ ነው።»

«እሽ፣ አቧራ ነው» አለ። አካፋውን ተከለና ተደገፈው። «ኮቴን ለብሼ ለራሴ ልጥል ነበር የገባሁት። ዓሣዋን አየኋት። ከዘራዋን አየኋት። ብዙ ቆምኩ። ሁለተኛዋ ባቄላ የኔ ናት፣ ኢምራን።»

መድፈናችንን ቀጠልን። በልቤ ደመርኩ፦ ዐሥራ ሦስት፣ ከኔ ጋር ዐሥራ አራት፣ ከራሱ ጋር ዐሥራ አምስት። ምናልባት ከኛ በኋላ የገባው ሁሉ መሐለኛዋን ጣሳ ባዶ ቢያያት…

«ታዲያ ለምን ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም፣ አፈርኩ። ለራሴ መጣል ያልቻልኩ ሰው ሌላው ለኔ ይጣል ብዬ መቀመጤ አሳፈረኝ።»

«ውጫሌ ትሄዳለህ?»

«መጀመሪያ ይህን ልድፈን» አለ። ከዚያ፣ «አንተ ደግሞ ለቅሬው ንገር። ለኔ አይደለም። ሰላሀዲን ባላደረገው ነገር ሰው እየሸሸው ነው።»


ኅዳር 15፣ እሑድ

አያ ባድሩ ዛሬ አልሄደም። «የእትዬ ዋሲላ ሐዘን ይውጣ» አለ። እኔም አልተናገርኩም። ሐዘኑ ይውጣ።


ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ሰላሀዲን መንገድ ዳር ባጃጁን ብቻውን ሲያጥብ አገኘሁት። ተሳፋሪ የለም።

«ኢምራን፣ አንተ እንኳ ታምነኛለህ አይደል? ወላሂ እኔ አይደለሁም።»

«አምንሃለሁ» አልኩት።

«አላህ ይስጥህ» አለኝ።

ከዚህ በፊት ብዙ ሰው ሰድቦኛል። እንደዚህ ያመመኝ የለም።


ኅዳር 22፣ እሑድ

ተናገርኩ።

አቶ ፋሲካ መዝገቡን ሳይከፍቱ ተነሣሁ። ሰው ገና ስቆም መሳቅ ጀመረ፣ ቀልድ መስሎት። «ጣሳዋን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አልኩ። የበለጠ ሳቁ። «የመጀመሪያዋም ባቄላ የኔ ናት። ሰላሀዲን ምንም አያውቅም።» ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። እማ ከሴቶቹ መሐል እጄን ታያለች።

«ለምን?» አሉ አቶ ፋሲካ።

ለሳቅ ልል ነበር። አያ ባድሩን አየሁት። ኑርሀያትን አየኋት። «አንድ ጊዜ ድንኳን አልተክልም ያሉልኝ ሰው ናቸው» አልኩ። «እኔ ደግሞ ቦታቸውን ለሌላ ሰው ስጥ ስትሉኝ እጄ እንቢ አለኝ። አያ ባድሩን ግን አላሰብኩትም። አውፍ በሉኝ።»

ያ «አሸነፉ» ያለው ሽማግሌ፣ «እኛስ? አንተ አንዲት ጣልክ። ሠላሳ ሁለቱን ማን ጣለ?» አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ አንዳንዱ ጫማውን አየ።

ሰላሀዲን ተነሥቶ ወደኔ ሲመጣ ሊመታኝ መስሎኝ ነበር። «አምንሃለሁ ስትለኝ ከልብህ ነበር ለካ» አለና ጭንቅላቴን ገፋ አደረገኝ። ሰው ተነፈሰ።

ከዚያ ምርጫው። አቶ ፋሲካ ሦስተኛዋን ጣሳ ብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ፣ እስኪያልቅ አልለቀቋትም። አያ ባድሩ ሲገባ አልቆየም። ገባ፣ ወጣ። ሲወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

ዓሣ ሠላሳ ሰባት። ባጃጅ ሃያ ሦስት።

ተናገር አሉት። ኮቱን ሳብ ሳብ አደረገ። «እኔ እሳቸውን አልሆንም» አለ። «ቁልፉን ግን ስጡኝ፣ ድንኳኑ እርጥቡን ነው የተጠቀለለ፣ ሊበሰብስ ነው።» ንግግሩ ይህ ነው። ሰው አጨበጨበ፣ አቶ ፋሲካ ቁልፉን ሰጡት። ሰላሀዲን «የዝናቡን ድንኳን ነገር እንነጋገርበት» ቢለው አያ ባድሩ «ነገ ና» አለው።

የመጀመሪያው ፍርዱ በኔ ላይ ነው፦ አንድ ወር ሙሉ በየጧቱ የሰላሀዲንን ሁለት ባጃጅ እንዳጥብ። ኑርሀያት ስታልፍ «ጎማዎቹን በደንብ፣ ዓሣ አይደሉም» አለችኝ።


ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ባጃጁን አጥቤ ሳበቃ ወደ ሐይቁ ወጣን። ውኃው ጸጥ ብሎ ነበር። የያዝነው አምስት ቆሮሶና አንድ የማይረባ አምባዛ ነው። አያ ባድሩ ንግግር አልተለማመደም፣ እኔም ብዙ አልቀለድኩም፣ ማለትም እንደ ወትሮው አይደለም።

ከባሕሩ ዳር አንድ ሰው «ዳኛው! ኸረ ዳኛው!» ብሎ ተጣራ።

ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ዞርን፣ አባ ሙዘይንን ፍለጋ። ዋርካው ሥር ማንም የለም። መንገዱም ላይ ማንም የለም። አያ ባድሩ መረቡን እንደያዘ ቀረ።

«ዳኛው!» አለ ሰውዬው እንደገና።

«አያ ባድሩ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «አንተን ነው።»

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «አቤት!» አለ።

የአንዱ በሬ የሌላው ጤፍ ውስጥ ገብቷል። ይኸው ነው። ቀዝፌ ዳር አደረስኩት፣ ወርዶ ሄደ። ካገር የወጣ ነገር የለም፣ በሬዲዮ የተነገረም የለም። ስልሳ ቤት አንድ ሰው መረጠ፣ ያም ከመመረጡ በፊት ሲሠራው የኖረውን ሥራ ሊሠራ ሄደ። መግለጫውን ያወጣሁት ትንሽ አጋንኜ ነበር። ትንሽ ነገር ነው፣ ወላሂ፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው።